የወይዘሮ ጉድሩንን ባትሪ ማን ጠጣው?

ጉድሩን ሄፌለ «ይቅር» የሚለውን ቃል የምታውቀው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲነበብ ነው፤ እሱንም የምታዳምጠው አንባቢው ሲሳሳት ለመያዝ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው በሽቬቢሽ አልብ ኮረብታ ላይ ባለ የውስጥ ልብስ ፋብሪካ፣ ስፌት መርማሪ ሆና ነው። የደቡብ ጀርመን ሕዝብ የተቀመጠበት ሙታንታ ሁሉ፣ የቄሱም የከንቲባውም፣ አስቀድሞ በእሷ ዓይን ሥር አልፏል። ጠማማ ስፌት አሳልፋ አታውቅም፤ ጠማማ የሰፋችውንም ሴት ረስታ አታውቅም። ጡረታ ከወጣች በኋላ እንኳ በገበያ ቀን ከአንዷ ጋር ፊት ለፊት ስትገጣጠም፣ ገና ሰላም ሳትላት ዓይኗ ወደ ቀሚሷ ጠርዝ ይወርዳል። ያቺም የልጅ ልጅ ያየች አሮጊት፣ እጇን ወደ ኋላ ልካ ልብሷን ትጎትታለች።

ባሏ ኦይገን የዋህ ሰው ነበር። ጉድሩንን ያገባ ወንድ ዓሣ አጥማጅ ከመሆን ሌላ ምን ምርጫ አለው? እያለ ራሱ ይስቅ ነበር፤ ሰውን ዝም ብሎ እንዲቀመጥ የሚያስገድድ ሌላ ሥራ የለምና። ሁለቱ አንድ ጎጆ መኪና ነበራቸው፤ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ አልጋ፣ ምድጃና ክብሪት ሳጥን የምታህል ሽንት ቤት ያለችው። በየዓመቱ ለጰራቅሊጦስ በዓል በእሷ ወደ ቦደንዜ ሐይቅ ይወርዱና፣ ወይዘሮ ሜርለ በምታስተዳድረው ካምፕ፣ ውሃው ዳር ባለች አንዲት የአኻያ ዛፍ ሥር ያቆሟታል። ኦይገን እዚያ ከመቀመጡ ብዛት የወንበሩ እግሮች መሬቱ ላይ አራት ጉድጓድ ሠርተዋል። የሞተው በክረምት ነው፤ የተቀበረው በመንደሩ መቃብር ነው። ጉድሩን ግን ሰውዬውን ማየት ስትፈልግ የምትሄደው ወደ አራቱ ጉድጓዶች ነው። ወንበሩን ልክ በነበረበት ትተክልና፣ ከጎኑ ተቀምጣ ዓመቱን ሙሉ ማን ምን እንዳደረጋት ትነግረዋለች።

ችግሩ የካምፑ ሕግ ነው። በበዓሉ ዋዜማ ቅዳሜ፣ ልክ ቀትር ሲሆን ወይዘሮ ሜርለ የመግቢያውን አግዳሚ ትጥላለች። የቀትር ጸጥታ ይጀመራል፤ ከዚያ በኋላ ሞተር ማስነሳት ቀርቶ ጮክ ብሎ ማሳል ነውር ነው። አግዳሚው ሲወድቅ በጎማው ቦታው ላይ የተገኘ፣ ቦታው ለዓመቱ የእሱ ነው። ያልተገኘ እንደሆነ ለተረኛው ይሰጥበታል። ሞትም ሰበብ አይሆንም፤ ወይዘሮ ሜርለ ለአንድ ሟች ልጆች የሐዘን አበባ ልካ፣ በዚያው እጇ ቦታውን ለሌላ የሰጠችበት ጊዜ አለ።

የአኻያዋ ተረኛ ደግሞ ኦትማር ጽቪክ ነበር።

ኦትማር ማለት ከጉድሩን በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖር፣ ሚስቱ ጥላው የሄደች፣ ጡረታ የወጣ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነው። በዚያ ቤት ደረጃውና የፊቱ መንገድ በየሳምንቱ በተራ ይጠረጋል፤ ተረኛው በር ላይ ትንሽ የእንጨት ሰሌዳ ይንጠለጠላል። ጉድሩን ኦይገንን ቀብራ፣ ጥቁር ልብሷን ሳታወልቅ፣ እንባዋን ሳትጠርግ ደረጃውን ስትወጣ ሰሌዳው በሯ ላይ ተንጠልጥሎ ጠበቃት። የሰቀለው ኦትማር ጥፋት አልታየውም፤ ተራው የእሷ ነበር። እሷም መጥረጊያዋን አውጥታ ደረጃውን ጠረገች፤ ከታች እስከ እሱ በር ድረስ። እያንዳንዷን ደረጃ በጠረገች ቁጥር ግን በልቧ አንዳንድ ነገር ታስቀምጥ ነበር። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚለው ተረት ለጉድሩን አይሠራም፤ እሷ ቂሟን ይዛ ጸልያ፣ ጸሎቷም ሲደርስላት አይታለች።

ቂሟ ለሰው ብቻ አልነበረም። ባለፈው መከር አንድ ሸለምጥማጥ በጎጆ መኪናዋ ኮፈን ሥር ገብቶ የውሃውን ቱቦና ግማሹን ሽቦ በልቶባት ነበር። በዚያ አገር ሸለምጥማጥ የማይበላው መኪና የለም፤ ሰው ሁሉ እያማረረ ያስጠግንና ይረሳዋል። ጉድሩን ግን ጦርነት አወጀች። መጀመሪያ መኪናዋ ሥር የዶሮ ሽቦ ዘረጋች። ቀጥላ የሽንት ቤት ሳሙና ሰቀለች፤ አውሬው እሱንም በላው፤ ለጥቂት ቀን የመንደሩ ሸለምጥማጥ ብቻ ሎሚ ሎሚ ሸተተ። በመጨረሻ ጯሂ ሳጥኖችን አገኘች፤ የሰው ጆሮ የማይሰማው፣ የአውሬን ጆሮ ግን እንደ መሰርሰሪያ የሚበሳ ድምፅ ሌት ተቀን የሚያወጡ ናቸው። ለአንድ መኪና አንድ ይበቃል ይላል ሻጩ። ጉድሩን ለአንድ አውሮፕላን ማረፊያ የሚበቃ ገዛች። በየሥርቻው ወሽቃ፣ ሞተሩ ሲጠፋ አብረው እንዳይተኙ ብላ፣ በፊውዙ በኩል ሳይሆን ሽቦአቸውን በቀጥታ ከባትሪው ራስ ላይ አሰረችው። አውሬው እረፍት የለውም፤ የእሷም በቀል እረፍት አያስፈልገውም። ከዚያ ኮፈኑን ዘጋች፤ እጇን አራገፈች፤ ድል አድራጊ እንደመሆኗ ነገሩን ረሳችው።

ጸደይ መጣ። ጉድሩን የጎጆ መኪናዋን አቧራ አራግፋ ቁልፉን ብታዞር መኪናዋ አንድ ጊዜ ቀጭ ብላ ዝም አለች። የመኪና ማኅበሩ ሰው መጥቶ በኬብል አስነሳላትና፣ ምናልባት መብራት ረስተው ይሆናል አላት። ጉድሩን ሰውዬውን ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። የዚያን የሚያህል ስድብ የሰማችው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ እሱም አንድ ሐኪም ክኒን ረስተው ይሆናል ያላት ጊዜ ነው። አዲስ ባትሪ አስገባች። ብዙም ሳይቆይ እሱም ወረደ። ቤት አስገብታ ሞላችው፤ መለሰችው፤ ደግሞ ወረደ። ባትሪው እንደ ሰርግ ቤት ጠላ ነበር፤ ቀጂው ሳይታወቅ ጋኑ ባዶ ይሆናል።

ስፌት መርማሪ ነችና መመርመር ጀመረች። ከኦይገን ዕቃ ሳጥን የኤሌክትሪክ መለኪያውን ቴስተር አወጣች። የባትሪውን አንድ ጫፍ ፈትታ ቴስተሩን መሀል አስገባችውና ቁጥሩን አየች፤ መኪናዋ ተኝታ፣ ቁልፉ በኪሷ ሆኖ፣ ኤሌክትሪኩ ወደ አንድ ቦታ ይፈስሳል። ከዚያ ፊውዞቹን አንድ በአንድ መንቀል ያዘች። የሬዲዮውን ነቀለች፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። የመብራቱን ነቀለች። የውሃ መሳቢያውን፣ የማሞቂያውን፣ የማቀዝቀዣውን፣ ምን እንደሚሠራ ኦይገን ራሱ ያላወቀውን አንድ ቢጫ ፊውዝ ሁሉ ነቀለች። የመጨረሻው ፊውዝ መዳፏ ላይ ሆኖ ቁጥሩ እንዳለ ነው።

እንግዲህ ፋብሪካው ያስተማራት እዚህ ላይ ጎዳት። በፋብሪካው ደንብ፣ ጨርቁም ክሩም መርፌውም ንጹሕ ከሆነ ጥፋቱ የሰው ነው። ፊውዞቹ በሙሉ ንጹሕ ናቸው፤ ስለዚህ ሌባው ከውጭ ነው። ከውጭ ያለ፣ አኻያዋን የሚጠብቅ፣ መኪናዋ ካልተነሳች የሚጠቀም ሰው ደግሞ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከራሷ በላይ፣ ጣራዋ ላይ በተረከዙ ይራመዳል። ጯሂ ሳጥኖቹ አንድም ጊዜ ትዝ አላሏትም። ሌባው በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ነው ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ከዚያ በኋላ ማስረጃው እንደ ክረምት ጎርፍ መጣላት። ኦትማር ሰገነቱ ላይ አዲስ የእግር ማሞቂያ አኑሯል፤ በማን ኤሌክትሪክ? ወደ ምድር ቤት ሲወርድ ያፏጫል፤ ባለ ንጹሕ ሕሊና መቼ ያፏጫል? ከሁሉ በላይ ደግሞ ውሻው አለ። ፍሌክ ይባላል፤ እግሩ ከማጠሩ የተነሳ ሲሄድ ሆዱ መንገዱን ይጠርጋል፤ በዚያ ሰፈር ተራ ሳይጠብቅ የሚጠርግ ፍጡር እሱ ብቻ ነው። ይህ ውሻ ወደ ጎጆ መኪናዋ በቀረበ ቁጥር ጆሮውን ለጥፎ እንደ አልቃሽ ያላዝናል፤ ጌታውንም ጎትቶ ወደ ማዶ ያሻግረዋል። ባትሪው በወረደ ቀን ግን ተዝናንቶ መጥቶ የፊት ጎማዋ ላይ እግሩን ያነሳል። ጉድሩን ይህን በመስኮት አይታ ፍርዷን ሰጠች፤ ውሻው ጌታው የሚሠራውን ያውቃል፣ ጌታው የሌለውን ሕሊናም እሱ ተሸክሞታል። ሌባው ሠርቶ ሲጨርስ ደግሞ፣ ውሻው ያለቀ ነገር ነው ብሎ ይሸናበታል።

በዓሉ ሲቃረብ ኦትማር ጎጆ መኪናውን ማጠብ ጀመረ። ከእሷ መኪና ኋላ ነበር የቆመችው፤ በአንድ ዘመን የተገዙ፣ እንደ መንትያ የሚመሳሰሉ ናቸው። ደረጃው ላይ ሲገናኙ መኪናዋ እንዴት እንዳደረች ጠየቃት። እንደ ታማሚ ዘመድ ነበር የሚጠይቃት፤ በየጠዋቱ፣ ከጣፋጭ ፈገግታ ጋር።

«የሰው ባትሪ የሚጠጣ ሰው ሆዱ ውስጥ አሲድ ይጠራቀማል ይባላል፣ አቶ ጽቪክ» አለችው።

«እኔ የምጠጣው ሻይ ነው፣ ወይዘሮ ሄፌለ። ሌላውን ሐኪም ከልክሎኛል» ብሎ እያፏጨ ወረደ።

ይህች ፉጨት አስወሰነቻት። ለፖሊስ መንገር ለጉድሩን ትንሽ ነገር ነው፤ ፖሊስ ይቀጣል እንጂ አይበቀልም። ስለዚህ ከድሮ ጠላቷ ጋር የጦር ምክር ያዘች። ሸለምጥማጥ ከሁሉ የሚወደው እንቁላል እንደሆነ በጦርነቱ ዘመን ተምራለች። ኦትማር ውሻውን ይዞ ወደ ጫካው ሲሄድ ጠብቃ፣ ከገበሬ የተገዛ፣ ሣር በምትበላ ዶሮ የተጣለ ምርጥ እንቁላል በዘንቢል ይዛ ወረደች። ካርቶን አነጠፈች፤ ወገቧ እየጮኸ፣ እሷ ግን እየዘመረች፣ በጀርባዋ የኦትማር መኪና ሥር ተንፏቀቀች። እንቁላሎቹን ሞተሩ ሥር ባለው ክፈፍ ላይ፣ በዚያ አገር ለፋሲካ እንደሚደረግ አሳምራ ደረደረቻቸው። አንዱን በጣቷ ሰበር አድርጋ፣ ሽታው አውሬውን እንዲጠራ ቱቦው ላይ ቀባችው። ወጥታ አቧራዋን ስታራግፍ ፊቷ ላይ የነበረውን ብርሃን መንደሩ ያየው ኦይገን ያጫት ቀን ብቻ ነበር ይላሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ጉድሩን ወንበሩን፣ የዓሣ ማጥመጃውንና የሽንኩርት ቂጣዋን ጭና ቁልፉን አዞረች። ቀጭ እንኳ አላለም። የሞላችውን ባትሪ ያስገባችው ሐሙስ ነበር፤ አሁን ግን ደርቋል። ስንት ጊዜ ወርዶ ስንት ጊዜ ተሞልቶ ነፍሱ ወጥታለች፤ ከእንግዲህ ኬብል ቢደረግለትም ትንሣኤ የለውም። ጋራዡ ዝግ ነው። የመኪና ማኅበሩ ጋ ብትደውል፣ በዓል ነውና ግማሹ ጀርመን መንገድ ላይ ቆሟል፣ ከሰዓት በኋላ እንደርሳለን አሏት። ከሰዓት በኋላ ማለት ከአግዳሚው በኋላ ነው። ጉድሩን መሪውን ይዛ ተቀመጠች። አራቱ ጉድጓዶች ታዩአት፤ የሌላ ሰው ወንበር ሲገባባቸው ታያት።

ከኋላዋ የኦትማር መኪና ማስነሻ ሞተሪኖ ሲያጉረመርም ሰማች። ያጉረመርማል፤ አይነሳም። ደግሞ ያጉረመርማል። ጉድሩን በዚያ ሐዘኗ መካከል በመስተዋቱ አየችና ጥርሷ ታየ። ኦትማር ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ፤ ቆየ፤ ውሃ ከሥሩ ወርዶ ጫማውን አራሰው። በኋላ በጣቶቹ መሀል የእንቁላል ቅርፊት ይዞ ወደ መስኮቷ መጣ።

«ወይዘሮ ሄፌለ፣ እኔ ዶሮ አላረባም።»

«አውቃለሁ። ዶሮ እንኳ ጎረቤቷን ትመርጣለች።»

«ሞተሬ ሥር ግን እንቁላል ተጥሏል። ሽቦዬም ተበልቷል።»

«ባትሪዬን የጠጡ ዕለት ሒሳቡ አይቀርም ብያለሁ።»

ኦትማር እጁን ወደ ታች ልኮ የውሻውን ራስ ነካ። «ፍሌክ ይሙት፣ ባትሪዎን አልነካሁም።»

ጉድሩን ደነገጠች። ይህ ሰው በእናቱ መቃብር በሐሰት ሊምል እንደሚችል ታውቃለች፤ በትኬት ተቆጣጣሪነቱ ሲምል ሰምታዋለች። በፍሌክ ግን አይምልም። መርማሪ ሆና በኖረችበት ዘመን ሁሉ ንጹሕ ስፌት «ጠማማ» ብላ ጥላ አታውቅም ነበር፤ ይህ ስሜት አዲስ ሆነባት። ነገር ግን እሷም ጉድሩን ናት።

«አልነኩም እንበል። አስበውትስ አያውቁም?»

ኦትማር ቅርፊቱን ወደ ኪሱ ከተተ። «ማሰቡን አስቤዋለሁ» አለ። «ለአኻያዋ ሥር የሚሆን ወንበርም ገዝቻለሁ።»

«እንግዲያው እንቁላሉ የሐሳብዎ ዋጋ ነው።»

ልቡ ውስጥ ባለው ነገር የተፈረደበት ሰው ምን ይላል? ሁለቱም ሁለት ሬሳ መኪናዎችን ሲያዩ፣ ድንገት በሁለቱም ራስ ውስጥ አንድ ስም መጣ። ከኦትማር ቀጥሎ ያለው ተረኛ ዶክተር ሊንደማየር ነው።

ሊንደማየር የሽቱትጋርት ጥርስ ሐኪም ነው። ጎጆ መኪናው የካቴድራል ታናሽ ወንድም ይመስላል፤ ጣራው ላይ የሚሽከረከር ሳህን አለው፤ ከሆዱ ውስጥ ሌላ ትንሽ መኪና ይወልዳል። አምና ኦትማርን በሕዝብ ፊት አገጩን ይዞ አፉን አስከፍቶ፣ የቀሩትን ጥርሶች ለሚስቱ ቆጥሮ አሳይቷታል። በዚያው ቀን ደግሞ ወደ አኻያዋ መጥቶ የኦይገንን አራት ጉድጓዶች በጫማው ጫፍ እየነካካ፣ ቦታው ሲደርሰው መጀመሪያ ሲሚንቶ እንደሚሞላቸው ነግሯት ነበር። ጉድሩን ያን ጫማ ቀለሙን ሳይቀር ታስታውሰዋለች።

የቀድሞ በቀሏ እንደ ሻማ ነበር፤ ይህ ግን ምድጃ ሆኖ ተንቦገቦገ።

«ባትሪዎ ደኅና ነው?» አለች።

«ሸለምጥማጡ ብረት አይበላም።»

ስምምነቱ እዚያው በመስኮት በኩል አለቀ። የኦትማር ባትሪ በጉድሩን መኪና ውስጥ ይገባል። ኦትማርም ባትሪውን ተከትሎ ይሄዳል፤ ውሻው ኦትማርን ተከትሎ ይሄዳል። አኻያዋ የጉድሩን ሆና፣ ኦትማር ከጎን ድንኳን ይተክላል። እጅ አልተጨባበጡም፤ ያን ያህል አልተዋደዱም። ኦትማር ባትሪውን ፈትቶ፣ እንደ ክርስትና ልጅ አቅፎ አመጣው። ጉድሩን ገጠመችው፤ ቀዩን ሽቦ አሰረች፤ ጥቁሩን አሰረች።

ፍሌክ ጆሮውን ለጥፎ ማላዘን ጀመረ።

ጉድሩን የብሎን መፍቻውን ቺያቬ እንደያዘች ቀረች። ቁልፉ ገና አልዞረም። መኪናዋ ተኝታለች፤ ውሻው ግን የሚጮኸው ጥቁሩ ሽቦ ከተነካ ጀምሮ ነው። ጥቁሩን ነቀል አደረገችው፤ ፍሌክ ዝም አለ። መለሰችው፤ አላዘነ። ያን ጊዜ ዓይኗ ከባትሪው ራስ ተነስቶ ወደየሥርቻው የሚወርደውን የራሷን የእጅ ሥራ፣ የራሷን ቋጠሮ አየ። ለሸለምጥማጡ ያዘመተችው ሠራዊት ክረምቱን ሙሉ ቀለቡን የሚበላው ከራሷ ጎተራ ኖሯል። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ በራሷ አሳጠረች።

ሌላ ሴት ብትሆን ታለቅስ ነበር፤ ወይም ትስቅ ነበር። ጉድሩን ግን ኦትማርን አዲሱን ወንበር ረስተው እንዳይቀሩ ብላ ወደ ፎቅ ላከችው። ፒንሳውን አነሳች። ሳጥኖቹን ከነሽቦአቸው እየቆረጠች ወደ ሽርጧ ኪስ ከተተቻቸው፤ ሲወጡም እንደ ጠማማ ሰፊ እያንዳንዳቸውን በስማቸው ረገመቻቸው። ኦትማር ወንበሩን ይዞ ሲመለስ ፍሌክ ተጋድሞ ሆዱን ፀሐይ ያስመታል፤ የጉድሩን ሽርጥ ደግሞ እንደ ነፍሰ ጡር አብጧል።

«ሌባው ተገኘ እንዴ?»

«ተገኘ።»

«ማን ነው?»

«የማያውቁት ሰው ነው። ከእንግዲህ አይሰርቅም» ብላ ኮፈኑን ደፋችው።

መኪናዋ በአንድ ቃል ተነሳች። ቁልቁለቱን የወረዱበትን ፍጥነት በዚያ መንገድ ላይ ያሉ ላሞች እስካሁን ያወሩታል። ኦትማር በአንድ እጁ ውሻውን፣ በሌላው የመስኮቱን እጀታ ይዞ፣ ከባቡር ዘመኑ ጀምሮ ያልጸለየውን ጸሎት ሁሉ ከፈለ። መንገድ ዘግቶ የሚያዘግም ትራክተር ሲያጋጥማቸው ጥሩምባ የነፋችው እሷ ናት፤ በመስኮት ወጥቶ የተሳደበው እሱ ነው። የተባለውን ቃል ጉድሩን ወድዳዋለች፤ እሷን ብሏት ቢሆን ዕድሜ ልኳን ትይዝበት ነበር። ሐይቁ ከሩቅ ሲታይ ኦትማር ራሱን ረስቶ «ጉድሩን፣ ንጂው!» አላት። ለዓመታት «እርስዎ» እያለ በትሕትና ሲያንጓጥጣት ኖሮ ዛሬ አንቺ አላት፤ እሷም አላረመችውም።

የካምፑ በር ላይ ሲደርሱ መግቢያው ተዘግቷል። የዘጋው አግዳሚው አይደለም፤ የሊንደማየር ካቴድራል ነው። ሞተሩን አስነስቶ፣ እንደ ድንገት አድርጎ በሩ ላይ ተገትሯል። በመስኮቱ ሆኖ ጉድሩንን አየና ነጭ ጥርሱን አሳያት፤ ሰዓቱንም በጣቱ መታ መታ አደረገ። ወይዘሮ ሜርለ የአግዳሚውን ገመድ ይዛ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ትጠብቃለች።

ጉድሩን ጥሩምባ አልነፋችም። ወርዳ፣ ልብሷን አስተካክላ፣ ወደ ወይዘሮ ሜርለ ሄዳ፣ ቆሞ ሞተርን እንደተነሳ መተው በዚህ ካምፕ የተፈቀደው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ በትሕትና ጠየቀቻት። የወይዘሮ ሜርለ አንገት ቀስ ብሎ ወደ ካቴድራሉ ዞረ። በዚያ አገር መስረቅ፣ መስከር፣ ሚስት ጥሎ መሄድ ሁሉ ምክንያት ይገኝለታል፤ ቆሞ ሞተርን እንደተነሳ መተው ግን ምክንያት የለውም። የጥርስ ሐኪሙ አፉን ከፈተ፤ ለዚያች ቀን ግን አፍ ተመርማሪው እሱ ነበር። ወይዘሮ ሜርለ ከበሩ እንዲነሳ፣ ባለችው ባዶ ቦታ እንዲገባ አዘዘችው፤ ያለችው ባዶ ቦታ ደግሞ በካምፑ የጋራ ሽንት ቤት አፍ ላይ ነበረች። ካቴድራሉ ወደዚያ ሲያዘግም የጉድሩን ጎማዎች በጎኑ አልፈው አኻያዋ ሥር ቆሙ። ደወሉ መታ። አግዳሚው ወደቀ።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ የኦይገንን ወንበር አወረደች፤ እግሮቹ አራቱ ጉድጓዶች ውስጥ ገጭ ብለው ገቡ። ከጎኑ ተቀመጠችና በሹክሹክታ ዓመቱን ትነግረው ጀመር። ስለ ጯሂ ሳጥኖቹ ስትደርስ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቶሎ አለፈችው። ኦትማር ከበስተጀርባ፣ ለልጅ በተሠራች ድንኳን ውስጥ እግሩ ውጭ ቀርቶ፣ የሽንኩርት ቂጣዋን ይበላ ነበር።

ወዳጅነታቸው እስከ በዓሉ ማብቂያ ቆየ። ሌቦች ሲሰርቁ አይጣሉም፤ ሲካፈሉ ነው። ጉድሩን የመጥረጊያ ሳምንቷ ደርሷልና ወደ ቤት እንመለስ ስትል፣ ኦትማር አዲሱ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ፣ እሱ ገና ሐይቁን እንዳልጠገበ ነገራት። ባትሪውን ፈትቶ ወንበሩ ሥር አድርጎታል።

«መኪናው ያንቺ ነው፣ ጉድሩን። ባትሪው የእኔ ነው። እኔ ደግሞ ሳምንት እቆያለሁ።»

ጉድሩን ወደ ጎጆ መኪናዋ ገብታ ክብሪት ሳጥን የምታህለውን ሽንት ቤት ቆለፈችና ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረችው።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ኦትማር በጠዋትም በማታም ወደ ጋራ ሽንት ቤቱ መሄድ ነበረበት። በሽንት ቤቱ አፍ ላይ ደግሞ ዶክተር ሊንደማየር ወንበሩን አውጥቶ፣ ሌላ የሚያየው ነገር ስለሌለው የሚገባውንና የሚወጣውን ያያል። ኦትማር ሲቸኩል ያስቆመዋል። ያቺ የግራ መንጋጋ እንዴት ናት ይለዋል። አንድ ጊዜ ብቻ ክፈትልኝ ይለዋል። ሚስቱንም ይጠራታል። ጉድሩን ከአኻያዋ ሥር ሆና፣ ሽንኩርት እየላጠች፣ ይህን ሁሉ ታይ ነበር። በሕይወቷ ያየችው ቲያትር ሁሉ የዚህን ያህል አልጣማትም።

ኦትማር እስከ ማግስቱ ቁርስ ታገሰ። ከዚያ ባትሪውን አቅፎ፣ እግሮቹን አጣብቆ፣ ላብ በላብ ሆኖ መጣ።

ጉድሩን ኮፈኑን ከፈተችለትና ቺያቬውን አቀበለችው።

«ቀዩን አስቀድም» አለችው፣ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፍ እየነካካች። «ቁልፉ ከጥቁሩ በኋላ ነው።»